ከጫካው ሥር ያለው ሜዳ ላይ ቤት ልሥራ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የወላጆቼ መሬት ከደብረ ሲና ወደ ደቡብ፣ ከወፍ ዋሻ ጫካ ሥር ነው። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባቴ ስላረጁ አሮጌውን ቤት አፍርሼ በብሎኬት ልሠራላቸው አስቤያለሁ። ከገደሉ በታች ጥሩ ሰፊ ሜዳ አለን። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ተዳፋት ላይ ሲሆኑ እኛ ብቻ ሜዳ ደርሶናል። ችግሩ ግን የሜዳው ላይኛው ጠርዝ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት ሆነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰፋል። ምንጫችንም በዚያው ሰሞን ይደፈርሳል። መንደር ውስጥ ደግሞ ብዙ ይወራል። አንዳንዱ ተራራው እሳተ ገሞራ ስለሆነ ከፈንታሌው መንቀጥቀጥ በኋላ ሊነሳ ነው ይላል። ሌላው ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ መሬቱ የትም አይሄድም ይላል። የቀረው ባሕር ዛፍ ትከልበትና አስይዘው ይለኛል። የማንን ልስማ?»

ሜዳው ላይ ቤት አይሥሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክንያቱን ለማስረዳት ነው፤ መልሱ ግን ይኸው ነው። ስንጥቁ በየክረምቱ እየሰፋ ምንጩም በዚያው ሰሞን የሚደፈርስ ከሆነ፣ መሬቱ ቀስ እያለ እየሄደ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። እስከ አሁን በዝግታ ሄዷል ማለት ደግሞ ሁልጊዜ በዝግታ ይሄዳል ማለት አይደለም።

እሳተ ገሞራውን ቀድሜ ላንሳና ልለፈው። ተራራው በእርግጥም ከእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ግን እሳቱ ከጠፋ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት አልፎታል። የሰሜን ሸዋን ደጋ የሠራው ቅልጥ አለት መፍሰስ የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ አገሩን ደራርቦ አለበሰው። ቀጥሎ በዚያ ላይ ትልልቅ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ተቆለሉ። እኛ ጂኦሎጂስቶች «የጣርማ በር ባዛልት» የምንለው አለት ስሙን የወሰደው ከእናንተው ጣርማ በር ነው። ወደ ደቡብ ያለው መገዘዝ ተራራ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ልጅ የሚባለው ነው። እሱም ቢሆን ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋዋል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ወረደ። ዛሬ ያለው እዚያው ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች አካባቢ ነው። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ2017 ዓ.ም ቤት ያስለቀቀው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥም የዚያው የሸለቆው ወለል ጉዳይ ነው። ከደብረ ሲና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከወፍ ዋሻ ገደል ቅልጥ አለት ይወጣል ብለው አይስጉ።

ንዝረቱን ግን አይናቁት። የምትኖሩት በስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ ነው። ያ ግድግዳ የተሠራው መሬት ተሰብሮ፣ የምሥራቁ ወገን እየሰመጠ ሲወርድ ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆመው ሸዋ ሮቢትን ከ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ቁልቁል የሚያዩት ለዚህ ነው። ከእናንተ በስተሰሜን፣ በካራ ቆሬና በማጀቴ በኩል በ1953 ዓ.ም የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። ስለዚህ ስጋቱ ከእሳት አይደለም። ስጋቱ ውሃ የጠገበ ተዳፋት ላይ ንዝረት ሲጨመርበት ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ልምጣ። ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው» የሚለው ወሬ እውነት አለው። ባዛልት ለብቻው ጠንካራ ነው፤ መዶሻ ያነጥራል። ነገር ግን ተራራው አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው ቢሉ ይቀላል። አንዱ ፍሳሽ ወርዶ ይረጋል። ከዚያ እሳተ ገሞራው ለሺዎች ዓመታት ያርፋል። በእረፍቱ ጊዜ ላዩ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል፣ ሳር ይበቅልበታል። አንዳንዴ አመድ ይወርድበታል። ከዚያ የሚቀጥለው ፍሳሽ መጥቶ ይሸፍነዋል፤ አፈሩንም እንደ ሸክላ ይጠብሰዋል። በሁለት ድንጋይ መካከል ቀይ መስመር ሆኖ የሚቀረው ይኸው ነው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ መንገዱ ተራራውን የቆረጠበት ቦታ ላይ ቆም ይበሉ፤ መኪና እንዳይመጣ እያዩ። ከላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ያያሉ። ከሥሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀዳዳውን ነጭ ማዕድን የሞላው ድንጋይ ይኖራል። ከዚያ በታች ክንድ የማይሞላ ቀይ መስመር ያገኛሉ። ጣትዎን ይስደዱበት። ድንጋዩ ጣት ሲፍቅ ቀዩ እጅ ላይ ይቀራል። በምራቅ ቢያርሱት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ተራራው ደካማ የሚሆነው በዚህ መስመር ነው።

ውሃው የሚሠራውን ሥራ ልብ ይበሉ። ዝናቡ በድንጋዩ ስንጥቅ በኩል ያለ ችግር ወደ ታች ይወርዳል። ቀዩ አፈር ጋ ሲደርስ ግን ማለፊያ ያጣል፤ ሸክላ ነውና። ስለዚህ በአፈሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ጎን ይሄድና ከገደሉ ሆድ ይወጣል። እናንተ ምንጭ የምትሉት እሱን ነው። በአንድ ገመገም ላይ ምንጮች በተቀራራቢ ከፍታ ተሰልፈው የሚገኙት፣ ሁሉም ከአንድ ቀይ መስመር ላይ ስለሚወጡ ነው። አገሩን የሚያጠጣውም መሬቱን የሚያስኬደውም ያው አንድ ነገር ነው። ያ መስመር ውሃ ሲጠግብ በላዩ ያለው ድንጋይና አፈር እርጥብ ሳሙና ላይ እንደተቀመጠ ዕቃ ይሆናል። ውሃው ከሥር ገፍቶ ክብደቱን ስለሚያቀልለው መያዣው ይላላል። ድንጋዩ ጠንካራ መሆኑ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም፤ ጠንካራው ድንጋይ ራሱ ከነክብደቱ ነው የሚሄደው።

በሜዳውም ጉዳይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ከገደል በታች፣ ሁሉም ነገር ቁልቁል በሆነበት አገር፣ ድንገት ሰፊ ሜዳ ሲያገኙ ደስ ከማለት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ሜዳ ከየት መጣ? በእንዲህ ዓይነት ቦታ ብዙ ጊዜ መልሱ የድሮ ናዳ ነው። አንድ ትልቅ ቁራጭ ከገደሉ ላይ ተገምሶ ሲወርድ ወደ ኋላው ይጋደማል። ላዩ ሜዳ ይሆናል። ከኋላው ግማሽ ክብ የሚመስል ገደል ይተዋል። ሜዳው ከገደሉ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ውሃ ይተኛል፤ ጨፌ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ከብት ይሰምጥበታል። አፈሩ ጥልቅና ለም ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ጤፉም ገብሱም ይይዝለታል። አያቶቻችን እዚያ የሰፈሩት ስላላወቁ አይደለም፤ ተዳፋቱ ላይ ሌላ የሚታረስ ቦታ ስላልነበረ ነው። እርስዎ «ጎረቤቶቻችን ሁሉ ተዳፋት ላይ ሲሆኑ እኛ ብቻ ሜዳ ደርሶናል» ያሉት ለኔ የመልካም ዕድል ምልክት አይደለም። በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቦታ እሱ ነው።

እንዲህ ያለ የድሮ ናዳ ለብዙ ዘመን ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ አንድ ክረምት ከልክ ያለፈ ዝናብ ይመጣል። ወይም ሰው የሜዳውን እግር ለመንገድ ይቆርጠዋል። ወይም ከላይ የመስኖ ቦይ ይፈስበታል። ያኔ እንደገና ይነሳል። በዚሁ በደብረ ሲና ዙሪያ በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የደረሰውን ናዳ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ማሳው እየተሰነጣጠቀ፣ ቤቱ እየፈረሰ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነስቷል። የሄደው መሬት ግማሹ ትናንት የታረሰ ለም ማሳ ነበር። ጊዜውንም ያስተውሉ። ትልልቅ ናዳ በዝናቡ መጀመሪያ ላይ ብቻ አይመጣም። ከላይ የወረደው ውሃ እስከ ቀዩ መስመር ድረስ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ነሐሴ ማብቂያና መስከረም፣ ሰው «ክረምቱ አለፈ» ብሎ እፎይ በሚልበት ጊዜ፣ ከሥር ያለው ውሃ ገና ከፍ እያለ ሊሆን ይችላል።

የምንጩ መደፈረስም ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ። ጎርፍ ገብቶበት ከሆነ ሲያባራ በቶሎ ይጠራል። ዝናቡ ካቆመ ከቀናት በኋላም ደፍርሶ ከቆየ፣ ወይም ድንገት ቦታ ከቀየረ፣ ወይም ድንገት ከደረቀ ግን ውሃው የሚሄድበት የውስጥ መንገድ እየተንቀሳቀሰ ነው። ዛፎቹንም ይዩ። ግንዱ ከሥሩ እንደ ማጭድ ጎብጦ ከዚያ ወደ ላይ የቀና ጥድ ካለ፣ መሬቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ሲጎትተው ኖሯል። በቅርብ ጊዜ የተጋደሙ ቀጥ ያሉ ዛፎች ካሉ ደግሞ እንቅስቃሴው የአሁን ነው። አሮጌው ቤት ውስጥ በሩ ድሮ ይዘጋ የነበረ አሁን የማይዘጋ ከሆነ ያም ምልክት ነው።

እንግዲህ ጫካው ምን ያደርጋል? ወፍ ዋሻን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ከላይ ውርጩ ላይ ጓሳ ሳር፣ ጅብራና አስታ አለ። ወረድ ሲሉ ኮሶና አሜጃ ይገኛል። ከዚያ የሐበሻ ጥድና ወይራ፣ ዝቅ ባለው እርጥብ ቦታ ደግሞ ዝግባ ይመጣል። ገደሉ ላይ ጭላዳ ያድራል። በእነዚሁ ገደሎች ጫፍ ላይ፣ አንኮበር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየች ትንሽ ግራጫ ወፍ አለች። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። በሰሜን ሸዋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ይህ ነው። አንድ ዝግባ ተቆርጦ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ስለዚህ ጫካውን የምወደው ሰው ሆኜ ነው ይህን የምለው፦ ጫካው የማይችለውን ሥራ አንጫንበት። «ጫካ ዝናብ ይስባል» ሲባል እሰማለሁ። የክረምቱም የበልጉም ዝናብ ከሩቅ ውቅያኖስ የሚመጣ ነው፤ አንድ ጫካ ብቻውን አይጠራውም። ጫካው የሚሠራው ሌላ ትልቅ ሥራ አለ። ከቆላው የሚወጣው ጉም ገደሉ ላይ ሲደርስ ቅጠሉ ያልበዋል። ማለዳ ወፍ ዋሻ ውስጥ ገብተው ቢቆሙ ዝናብ ሳይኖር ዛፉ ሲያንጠባጥብ ይሰማሉ። ጥዱ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት በእጅ ቢጨምቁት ውሃ ይወጣዋል። ሁለተኛው ሥራ መሬቱን ማለስለስ ነው። አንድ ጆግ ውሃ ይዘው ጫካው ውስጥ ቅጠል የሸፈነው መሬት ላይ ያፍስሱ። ወዲያው ይጠጣዋል። ያንኑ ያህል ከብት የረገጠው ግጦሽ ላይ ያፍስሱ። ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። ምንጭዎ በበጋ የማይደርቀው ያ ቀስ ብሎ የገባ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነው።

ሥሩስ መሬቱን አይዝም? ይይዛል፣ ግን እስከ ሥሩ ድረስ ብቻ። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው በላይኛው አንድና ሁለት ሜትር ውስጥ ነው። ላይ ላዩን የሚገፈፈውን አፈር ያቆማል፤ ይህ ብዙ ናዳ ያስቀራል። ነገር ግን የሚንሸራተተው መስመር አሥርና ሃያ ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆነ ዛፉ ምንም ማድረግ አይችልም። ጫካው ከነመሬቱ ይወርዳል። የቆመ ጥድ እንደቆመ ሃምሳ ሜትር ወርዶ የተገኘበትን ቦታ አይቻለሁ።

ባሕር ዛፉንም በዚሁ ዓይን ይዩት። የመከሩዎት ሰዎች ሐሳባቸው ባዶ አይደለም። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ተዳፋቱን ያደርቃል ነው ነገሩ። ግን ጥልቁን መስመር አያደርቀውም፤ ቀድሞ የሚጎዳው ምንጭዎን ነው። ከሥሩም ሳርና ቁጥቋጦ እንደልብ ስለማይበቅል የክረምቱ ጠብታ ራቁቱን አፈር ይመታዋል። በየጥቂት ዓመቱ ለሽያጭ ሲቆረጥ ደግሞ ተዳፋቱ እንደገና ይራቆታል። ለማገዶና ለአጥር ከፈለጉ ከምንጩና ከስንጥቁ የራቀ፣ ደረቅ ጥግ ላይ ይትከሉ። ስንጥቁ ዙሪያ ሳርና ቁጥቋጦ ይብቃ፤ ከባድ ዛፍ አይጨመርበት። ከምንጩ በላይ ያለውን ከከብት አጥረው ለወይራ፣ ለጥድና ለኮሶ ይተዉት። መትከል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ጫካው ቅርብ ስለሆነ ወፉ ዘሩን ራሱ ያመጣዋል።

አሁን የሚሠራውን ልናገር። ስንጥቁ ከመጪው ክረምት በፊት ይዘጋ፤ ውሃ የሚገባበት በር እሱ ነው። ድንጋይ አይሙሉበት፤ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል። ዋልካ አፈር እየጠቀጠቁ ይሙሉና ላዩን ከፍ አድርገው ያስተካክሉት። ከስንጥቁ በላይ፣ ባልተሰነጠቀው መሬት ላይ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ውሃውን የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይለቅ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ሆናችሁ መስመሩን ያዙ። ጥጉ ላይ የሚተኛው ውሃም በቦይ ይውጣ። ሜዳው ላይ ኩሬ አይቆፈር፣ መስኖ አይፍሰስ። የሜዳውን እግር ለመንገድም ለቤት መሠረትም ማንም እንዳይቆርጠው። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ የድንጋይ ካብ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ለመሥራት ገንዘብ ያወጣል። ካብ ትንሽ ቁልቁለት ይይዛል፤ የሚሄድ ጋራ አይይዝም።

መሬቱ መሄዱን ራስዎ መለካት ይችላሉ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ችካል በሦስት ቦታ ይትከሉ። ችካሎቹ ላይ ምስማር ይምቱ። ከምስማር እስከ ምስማር ያለውን በሜትር ለክተው ቀኑን ጨምረው ደብተር ላይ ይጻፉ። በበጋ በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት በሳምንት አንድ ጊዜ። አባትዎ ካልቻሉ የጎረቤት ተማሪ ይሠራዋል። ያ ደብተር ባለሙያ ሲመጣ ከማንኛውም ወሬ በላይ ይጠቅመዋል። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የመሬት መንሸራተት ጥናት ይሠራል፤ በወረዳው በኩል በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ቅርባችሁ ነው። እኔ ከደብዳቤ ላይ ጥልቀቱን መገመት አልችልም። ያ የሚታወቀው ቦታው ላይ ተሂዶና ተቆፍሮ ነው።

ቤቱን የት ልሥራ ካሉ፣ ከሜዳውና ከግማሽ ክቡ ገደል ወደ ጎን ወጥተው፣ ገመገሙ ላይ፣ ወጥ አለት ወደ ላይ ብቅ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ። ከላዩ የተንጠለጠለ ገደል አይኑር። ከታቹ አዲስ የተቆረጠ መንገድ አይኑር። ቦታው ጠባብ ይሆናል፤ ውሃም ትንሽ ይርቃል። ሜዳውን ማረስና ማጨድ ይቀጥሉ፤ ሰው የማያድርበት ማሳ ቢሄድ የሚተካ ነገር ነው። እንደዚያ ዓይነት ቦታ መሬታችሁ ውስጥ ከሌለ፣ ብሎኬቱን ከመግዛትዎ በፊት ምትክ ቦታ ወረዳውን ይጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ውስጥ ናዳ ሲወርድ ሰው የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠ። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። ስለዚህ መሬት ሲጮህ ከሰማችሁ፣ ስንጥቁ በአንድ ሌሊት ከሰፋ፣ ወይም ምንጩ ድንገት ከቆመ፣ ዕቃ ሳታወጡ ወደ ጎን፣ ወደ ገመገሙ ውጡ። ቁልቁል አትሩጡ። ከወጣችሁም ከብት ለመፍታት አትመለሱ።

አባትዎ ያሉበት አሮጌው ቤት ሜዳው ላይ ወይም ከጠርዙ በታች ከሆነ ደግሞ አዲሱ ቤት እስኪያልቅ አይጠብቁ። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስቀል ማግሥት ዘመድ ቤት ይደሩ። ቀን ቀን ወጥተው ማሳቸውን ማየት ይችላሉ፤ ማታ ግን እዚያ አይደሩ።